የፓስተር ለሚ የክብር ጉርሻ

ፓስተር ለሚ ምግብ መዋጥ ካቃተው ሦስት ወር ሞልቶታል። ሐኪሙን ሳንቆጥር ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ራሱ፣ ሌላዋ ሚስቱ ጋዲሴ። ምእመኑ የሚያየው ክሳቱን ነው። ክሳቱን እያየም፣ «ፓስተራችን በጾም አለቁ እኮ! እንዴት ያሉ የጸሎት ሰው ሰጠን!» ይላል። ጋዲሴ ይህን ስትሰማ ጥርሷን ነክሳ ታልፋለች። ምን ትበል? ምላለች።

የማለችው እንዲህ ነው። ሐምሌ ላይ፣ እዚሁ በኬንያ ድንበር ከተማቸው፣ ሐኪሙ ለሚን አገላብጦ አየውና፣ «ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ጠቧል። ለምን እንደጠበበ እኛ ጋ ማወቅ አይቻልም። ናይሮቢ ሂዱ፣ ደግሞ እንዳትዘገዩ» አላቸው። እስከዚያው ወተትና ቀጭን ሾርባ ብቻ እንዲጠጣ፣ ሥጋ የሚባል ነገር እንዳይነካ፣ ከተሰነቀረበት እንደሚያንቀው ነገራቸው። ቦዳቦዳ በሚሉት ሞተር ወደ ቤት ተመለሱ። እንደገቡ ለሚ በሩን ዘጋ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን አወጣ፣ እጇን ይዞ ላዩ ላይ አስቀመጠ።

«ለማንም ላትናገሪ ማይ።»

«ለምን?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ በሽተኛ ላይ እጄን ስጭን ኖሬያለሁ። አሁን ጉሮሮው ተዘጋ ሲባል ማን ይሰማኛል? ረዳቴ ሂካ ከኋላዬ ቆሞ መድረኩን በዓይኑ እየለካው ነው። ማይ።»

«መድረኩ ከጉሮሮህ ይበልጣል?»

«ማይ ብያለሁ፣ ጋዲሴ!»

ማለች። ጋዲሴ ትምህርቷ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሴት ናት። ብዙ ነገር አታውቅም፤ መሐላ ግን ታውቃለች። አንዴ ከአፏ የወጣውን ነገር ጅብ ቢጎትታት አትመልሰውም። እናቷ በልጅነቷ «ይቺን የአህያ ወተት ነው ያጠጡብኝ» ትላት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሚን ያቆመችው ቡሬ ናት። ቡሬ ላም ናት። የፓስተሩ ላም አይደለችም፣ የጋዲሴ ናት። ጋዲሴ ድንበሩ መተላለፊያ ላይ ዘጠኝ ዓመት ማንዳዚ የሚባለውን ሊጥ በዘይት ጠብሳ፣ ክንዷ ተቃጥሎ ተልጦ፣ ከጎዶማ መንደር ጥጃ ሆና ገዝታት በእግሯ እየነዳች ያመጣቻት ናት። ያ ክፉ ድርቅ ሲመጣ፣ የሰዉ ከብት መንገድ ዳር ተደርድሮ ሲያልቅ፣ ጋዲሴ ካርቶን በውሃ እየነከረች በእጇ አጉርሳ አተረፈቻት። አሁን ቡሬ ወልዳለች። ጠዋት ሁለት ኩባያ፣ ማታ ሁለት ኩባያ፤ ከዚያ በላይ የላትም። ያ አራት ኩባያ ነው ፓስተር ለሚ። የግመል ወተት እንዳይጠጣ ሆዱን ያጥበዋል፤ የዱቄቱን ወተት ደግሞ ይመልሰዋል። ጋዲሴ ሞክራዋለች፤ ሁሉንም ሞክራዋለች።

መስከረም ሊያልቅ ሲል የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዴኒስ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ቤታቸው መጣ። ዴኒስ ትልቅ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ሱቅ አለው። እዚሁ ኬንያ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛውን ከገበያ ስለለቀመው አንቱታ የሚባል አያውቅም፣ ሁሉንም አንተ፣ ሁሉንም አንቺ ነው የሚለው። ለሚ አልነበረም። ጋዲሴ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣችላቸው።

«ሳሳ፣ እንዴት ነሽ ማማ ፓስተር! የምሥራች ይዤ መጣሁ። ጥቅምት ላይ የፓስተር ቀን እናደርጋለን። ናይሮቢ ያሉ ትልልቅ ቸርቾች በየዓመቱ ያደርጉታል፤ እኛ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አመስግነነው አናውቅም። ነውር ነው! ሱፍ እናለብሰዋለን። ወንበር እያሠራን ነው፣ ቀይ ከፋይ ያለው፣ ንጉሥ የሚቀመጥበት ዓይነት። ከሶሎሎ እንግዳ ይመጣል፤ ከኡራን ደግሞ ሰንጋ ይላካል።»

«ተባረኩ» አለች ጋዲሴ። ከዚያ ቀሚሷን እያፍተለተለች፣ «ዴኒስ፣ ሱፉና ወንበሩ ቀርቶ ለናይሮቢ ጉዞ ብታደርጉለትስ? ትንሽ ይረፍ። ይታይ።»

«ምን ይታይ?»

ምላሷን ነከሰች። «ማለቴ፣ ከተማ ይይ።»

ዴኒስ አብረውት የመጡትን ዞሮ አያቸውና ሳቀ። እነሱም ሳቁ። «ናይሮቢ ያማረው ፓስተር ነው ወይስ አንቺ? እህ? ፎቅ ልታዪ ነው? ማማ ፓስተር፣ ስጦታ ተቀባይ አያማርጥም። አንቺ ያን ቀን ማንዳዚ ማንዳዚ የማይሸት ቀሚስ ልበሺ፣ ሌላውን ለኛ ተዪው።»

ለሚ ሲመጣ ነገረችው። «ሊያከብሩህ ነው። ይሄኔ ነው መናገር። ታምሜያለሁ በላቸው፤ ሱፉን ትተው ሐኪም ቤት ይወስዱሃል።»

ለሚ ኩባያውን ከአፉ አነሣ። ከንፈሩ ላይ ወተት ቀርቷል።

«ምን ዓይነት ወንበር ነው አሉ?» አላት።

ቀኑ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኗ ቆርቆሮ ናት፤ ሰዉ ስለማይበቃት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ መድረክ ተሠርቶ፣ ወንበሩ መድረኩ ላይ ወጣ። እውነትም ንጉሥ የሚቀመጥበት ነበር። ሱፉ ግን በድሮው ልኬት የተሰፋ ስለሆነ ለሚ ውስጡ ጠፋ። ሁለት ለሚ ይይዛል። ሴቶቹ ትርፉን ጨርቅ ከጀርባው ሰብስበው በመርፌ ቁልፍ ወጠሩት። ከፊት ሲያዩት ንጉሥ፣ ከኋላ ሲያዩት ጃርት።

ሦስት መቶ ሰው መጣ። የሶሎሎዎቹ ገና በጠዋት ደረሱ። የሰፈሩ አስተዳዳሪ ቺፉና የሙስሊም ጎረቤቶችም ተጠርተው በአንድ ወገን ተቀመጡ። ከጠዋት ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ሰው እየተነሣ መሰከረ። አንዷ በእሱ ጸሎት መካን የነበረች ወለደች። አንዱ በእሱ ጸሎት ከእስር ቤት ወጣ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሞቶ የነበረ ግመላቸው በእሱ ጸሎት እንደተነሣ ተናገሩና ግመሉ የት እንዳለ ሲጠየቁ «ሸጥኩት» አሉ። ለሚ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሁሉንም ጠጣው። ጋዲሴ ከመድረኩ ሥር ሆና ታየዋለች። ከሐምሌ ወዲህ ፊቱ እንዲህ ሲያበራ አላየችም። ለአፍታ አሳዘናት፤ ደስታውን አትንኪበት አለች ለራሷ።

ያኔ ነው ሎሪው የገባው።

ሾፌሩ ዋሪዮ ከኡራን ሰንጋውን ጭኖ የሚመጣው ሰው ነው። ወረደ፤ ባርኔጣውን አወለቀ። ባርኔጣ ሲያወልቅ ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ሁሉም ገባው።

«ከሌላ ሰባት ከብት ጋር ነበር የጫንኩት» አለ። «መንገዱን ታውቁታላችሁ። ወደቀ። ረገጡት።»

«ታዲያ?» አለ ዴኒስ።

«ሞተ።»

«መቼ? ሳይሞት አርዳችሁታል?»

«መቼ እንደሞተ በምን አውቃለሁ? እኔ የምነዳው ወደፊት እያየሁ ነው። ስደርስ ሳየው ሞቷል።»

በክት ነው። በክት ማንም አይበላም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ሰንጋው ሎሪው ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ዝንቡ ቀድሞ ደግሶበት ተኝቷል። ሦስት መቶ ሰው አንገቱን አስግጎ አየው። ከዚያ ማጉረምረሙ ጀመረ። ከሶሎሎ የመጡት አንደኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ለክብር ብላችሁ ጠርታችሁን ሩዝ በሶዳ ልታበሉን ነው?» አለ። የዴኒስ ፊት ቲማቲም መሰለ። ስልኩን አወጣ፣ መለሰ፣ አወጣ። እሑድ ነው፤ የከብት ገበያ የለም።

ለሚ ከወንበሩ ተነሣ። ማይኩን ያዘ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «በእኔ ቀን ሰው ሳይበላ ከደጄ አይሄድም። እዚህ ጎን ቤቴ ጓሮ ቡሬ አለች። አምጧትና እረዱ።»

እልልታው ቆርቆሮውን አነቃነቀው። «አባት ማለት ይሄ ነው!» ይላል አንዱ። «ከራሱ ቆርሶ!» ይላል ሌላው። ጋዲሴ ግን እልል አላለችም። መድረኩ ላይ ወጣችና ጆሮው ላይ ጎንበስ አለች።

«ምን እያልክ ነው? ነገ ምን ልትጠጣ ነው?»

«ጌታ ያዘጋጃል።»

«ጌታማ አዘጋጅቶ ነበር። አራት እግር ሰጥቶ ጓሮህ አስሮልህ ነበር።»

«ሰው ያያል። ፈገግ በይ።»

«ላሟ የእኔ ናት፣ ለሚ።»

«የፓስተር ሚስት የእኔ የምትለው የላትም» አላት፣ ፈገግታው ሳይጠፋ። «ውረጂ።»

ቡሬ ከጓሮ አልወጣ አለች። ስድስት ወንዶች ጆሮዋንም ጅራቷንም ይዘው ጎትተው አቃታቸው። በሩ ላይ ግን ተከትላቸው የመጣችውን ጋዲሴን አየቻት። ስታያት ጊዜ ማንም ሳይነካት በራሷ እግር ተከትላት ድንኳኑ ድረስ መጣች። ሰዉ ይህንን እንደ ተአምር ቆጥሮ አጨበጨበ። ጥጃዋ ጓሮ ቀርቶ ይጮኻል።

ሙስሊሞቹም እንዲበሉ ተብሎ ቢላዋው ለጎረቤታቸው ለአብዱራሺድ ተሰጠ። አብዱራሺድ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ቤቱን ከእነ ጋዲሴ ቤት የሚለየው አንድ የእሾህ አጥር ብቻ ነው። ቡሬን ዞራት፣ ጡቷን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይቺ እኮ የምትታለብ ናት» አለ። «ባለቤቷ ማን ነው?»

«ፓስተር ነዋ!» አለ ዴኒስ።

«ሲያልባት አይቼ የማውቀው ጋዲሴን ነው። ጋዲሴ፣ ፈቅደሻል?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ለሚም ከወንበሩ ላይ ሆኖ አያት። ፀሐዩ ይፋጃል።

«ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን የጠየቅከኝ አንተ ነህ፣ ተባረክ» አለች። «አልፈቀድኩም።»

«ማማ ፓስተር ቀልደኛ ናት!» ዴኒስ ማይኩ ውስጥ ሳቀ፤ ሰዉም ተከትሎ ሳቀ። አብዱራሺድ አልሳቀም። ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ «እኔ የለሁበትም» ብሎ ወጣ። የሙስሊም ጎረቤቶቹም ሶዳቸውን ጨርሰው አንድ በአንድ ተከተሉት፤ ቺፉ መጨረሻ ላይ ወጣ፣ እሱም ሰዓቱን እያየ። ከሶሎሎ የመጡት ጎረምሶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ቡሬን ጣሏት። ጋዲሴ ፊቷን አላዞረችም። ማየት አለብኝ አለች፤ አየች።

ሥጋው ሲጠበስ ሽታው ግቢውን ሞላው። በዚያች ቤተ ክርስቲያን አንድ ልማድ አለ። የክብር እንግዳውን ሚስቱ በእጇ ሳታጎርሰው በፊት ማንም ሳህን አይነካም። ሠርግም ቢሆን፣ የዲያቆን ሹመትም ቢሆን እንደዚያ ነው። ዴኒስ ማይኩን ይዞ፣ «አሁን የክብር ጉርሻ! ማማ ፓስተር ወደ መድረክ!» አለ።

ጋዲሴ እጇን ታጠበች። ስትታጠብ አሰበች። ምላለች፤ አትናገርም። ማጉረስ ግን መናገር አይደለም። ማጉረስ እንዲያውም ግዴታዋ ነው፣ ይኸው ሦስት መቶ ሰው እየጠበቃት ነው። እጇን አደራረቀች። ሳህኑን ይዛ ወጣች። ከቡሬ ጎድን የተቆረጠ ጥብስ ነው፤ ጅማቱ አልለቀቀም፤ ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ ይጠቀለላል።

ለሚ ሳህኑን አየ። «ትንሽዬ አድርጊው» አላት ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ጉንጬ ውስጥ እይዘዋለሁ።»

«ንገራቸውና አላጎርስህም።»

«ጋዲሴ፣ ተይ።»

«ሁለት ቃል ነው። ታምሜያለሁ፣ ይቅርብኝ። በቃ።»

«ሂካ እያየን ነው» አለ ለሚ።

እውነት ነው፣ ረዳቱ ወጣት ሰባኪ ሂካ ከመድረኩ ጥግ እጁን አጣምሮ ያያል። ለሚ ወደ ሰዉ ዞሮ ፈገግ አለና አፉን ከፈተ። ጋዲሴ ጠቀለለች። ትንሽዬ አላደረገችውም።

«እልልልልል!»

አኘከ፣ አኘከ፣ ወደ ቀኝ ጉንጩ ገፋው። እሷ ልትወርድ ስትል፣ «ይደገም!» አለ ሰዉ። «በሥላሴ ስም፣ ሦስት! ሦስት!» ብለው በጭብጨባ ያዙት። ሁለተኛውን ጠቀለለች። ወደ ግራ ጉንጩ ገባ። ከዓይኑ እንባ ወረደ፤ ሱፉ ላይ ተንጠባጠበ።

«እዩት! እዩት ፓስተራችንን! በደስታ አለቀሰ!» አለ ዴኒስ፣ የራሱ ድምፅም ተቆራረጠ። ከፊት የተቀመጡት እናቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

ሦስተኛው ላይ ለሚ ከንፈሩን ገጠመ። ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ጋዲሴን ይለምናል። «ፓስተር፣ የሚስትህን እጅ በሰው ፊት ልትመልስ?» አለ ዴኒስ፤ ሳቅ ሆነ። ጋዲሴ ያኔ እጇን መሰብሰብ ትችል ነበር። ኋላ ሲጠይቋት አልቻልኩም አላለችም፤ ትችል ነበር። ጥጃው ጓሮ ይጮህ ነበር፤ እሱን እየሰማች ገፋችው። ገባ።

ዴኒስ ማይኩን ለለሚ ሰጠው። «አሁን ማዕዱን ይባርክልን!»

ሦስት መቶ ሰው ሳህኑን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ለሚ ሁለት ጉንጩ ተነፍቶ ቆሟል። በማይኩ የሚሰማው የአፍንጫው ፉጨት ብቻ ነው። አንዱ ዓይኑን ገለጠ። ሌላውም ገለጠ። ለሚ መትፋት ነበረበት፤ በዚያ ሱፍ፣ በዚያ ወንበር ፊት ግን እንዴት ይትፋ? ሊውጥ ሞከረ።

ተሰነቀረ። ከማይኩ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ፊቱ ጠቆረ። ሂካ ከጥጉ ዘሎ መጣና፣ «ጠላት ነው! በክብሩ ቀን የአገልጋዩን አፍ ሊዘጋ የመጣ ጠላት! ጸልዩ!» ብሎ ጮኸ። መድረኩ ላይ ሰው ጎረፈ። አርባ እጅ ለሚ ላይ ተጫነ፤ ራሱ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ ጉሮሮው ላይ። ወንበሩ ላይ አጣብቀው፣ «ልቀቅ! ውጣ!» ይላሉ። ሥጋውን ሳይሆን ሰይጣኑን ነው።

«ታንቋል! እናንተ ሰዎች፣ ታንቋል!» ትላለች ጋዲሴ። ማን ይስማት? ማይኩ ከሂካ ጋር ነው። የሰው እጅ እያነሣች ጣለች፤ አንዱ ሲነሣ ሌላ ይተካል። የዴኒስን ክንድ በጥርሷ ያዘችው። ዴኒስ ጮኾ ለቀቀ። በዚያ ክፍተት ገባች፣ ለሚን ከወንበሩ ጎትታ ጉልበቷ ላይ ደፋችውና ከጀርባው በቡጢ ደበደበችው። መርፌ ቁልፎቹ መዳፏ ውስጥ ገቡ። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው፣ ሥጋው ወጥቶ ቀዩ ከፋይ ላይ ወደቀ። ደምም አብሮ ወጣ። ለሚ አየር ሳበ።

ሰዉ ከመድረኩ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ዴኒስ ክንዱን ይዞ። «ማማ ፓስተር፣ ምን ሆኖ ነው?»

«እሱን ጠይቁት» አለች ጋዲሴ። «እኔ ምያለሁ።»

ለሚ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሱፉ ተበትኖ እንደ ድንኳን ከቦታል። «ጉሮሮዬ ታሟል» አለ። «ከሐምሌ ጀምሮ። ምግብ አይወርድልኝም።»

የሰው ነገር እንዴት ፈጣን ነው። ከፊት ያለችው እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች፤ «ይተላለፍ ይሆን?» አለች። «እኛ ጾም ነው እያልን!» አለ አንዱ። በግመሉ የመሰከሩት ሽማግሌ፣ «በዚያ እጁ ነው እንግዲህ ሲጸልይልን የኖረው» ብለው ራሳቸውን ዳበሱ። ዴኒስ ግን ከልቡ ነው የተናደደው። «ፖሌ፣ ፓስተር፣ ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ። ግን ለምን አልነገርከንም? ሱፉን ባላሰፋን!»

ከኋላ በኩል፣ «ሥጋው እየቀዘቀዘ ነው» የሚል ድምፅ መጣ።

ዴኒስ ዞር ዞር ብሎ አየ። «ወንድም ሂካ» አለ፣ «በል ማዕዱን ባርክ።»

ሂካ ባረከ። ቆንጆ አድርጎ ባረከ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፣ ቃሉም ከብዙ ጊዜ በፊት የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ሰዉ ተሰልፎ በላ። ቡሬ ለሦስት መቶ ሰው በቃች፤ የሶሎሎዎቹ አጥንቷን ሳይቀር ጋጧት። እየበሉም ኮሚቴው እዚያው ተሰበሰበና ፓስተር ለሚ እንዲያርፍ፣ ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ሂካ እንዲሰብክ ወሰነ። ከዚያ ደግሞ የሶሎሎው ሰው፣ ያው በሩዝ ያጉረመረመው፣ ባርኔጣውን ገልብጦ በሳህኖቹ መሀል ዞረ። ሰዉ በቅባት እጁ ኪሱ ገባ። ለናይሮቢ መሄጃና ለሐኪም የሚሆን ተገኘ። ጋዲሴ ከመስከረም ጀምሮ የለመነችው ነገር በአንድ ምሳ ተሟላ።

ለሚን ቤት አስገብታ ስታስተኛው ዓይኑን ገለጠ።

«ደስ አለሽ?»

«አላለኝም። ግን ትሄዳለህ።»

«ገደልሽኝ፣ ጋዲሴ።»

«ገና አልሞትክም» አለችው። ብርድ ልብሱን አለበሰችው። ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰላትም። ኩባያ ስትሰጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ወተቱማ የለም፤ ሾርባ ስትሰጠውም አይቀበልም። ውሃውን እየዳኸ ራሱ ቀድቶ ይጠጣል። ጥጃውን አብዱራሺድ አጥሩን ጥሶ መጥቶ ወሰደው፤ «የእኔ ላም ታጠባው እንደሆነ ልሞክር» አለ። አልጠባም።

ረቡዕ ጠዋት በናይሮቢው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ለሚ ከእሷ ጎን አልቀመጥም ብሎ ሌላ ወንበር ላይ ሄደ። ጋዲሴ ከኋላው ተቀመጠች። ከጎኑ የተቀመጠችው ዙሌይካ የምትባል ልብስ ነጋዴ ናት፤ ገና ሳይንቀሳቀሱ ስሟንም ንግዷንም ለአውቶቡሱ ሁሉ የተናገረች ሴት። በየኬላው ፖሊስ ይወጣል፣ መታወቂያ ያያል፣ ይወርዳል። ለሚ መታወቂያውን አውጥቶ ለመያዝ አቅም ያንሰዋል። ሦስት ቀን ውሃ ብቻ ነው። ማርሳቢት ሲቃረቡ ሸለብ አድርጎት ራሱ መስኮቱ ላይ ወደቀ።

ጋዲሴ ፔርሙዙን ከቦርሳዋ አወጣች። ያ የሚመልሰው የዱቄት ወተት ነው፤ አቅጥና፣ ስኳር ቀንሳ፣ ሦስት ጊዜ አጥልላዋለች። ለእሱ አልዘረጋችም። የዙሌይካን ትከሻ ነካች።

«እህቴ፣ ይህን ስጪልኝ። ያንቺ እንደሆነ አድርገሽ ስጪው።»

ዙሌይካ ዞራ አየቻት። «ባልሽ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ራስሽ አትሰጪውም?»

«ከእጄ አይቀበልም።»

«ውይ! ምን አድርገሽው ነው?»

«አጎረስኩት» አለች ጋዲሴ።

ዙሌይካ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ክዳኑ ላይ ቀዳችና፣ «አባቴ፣ ትንሽ ይቅመሱ፣ ከቤቴ ያመጣሁት ነው» አለችው። ለሚ ቀና አለ። «ተባረኪ፣ እህቴ» አላት። ጋዲሴ ድምፁን ከሰማች ሦስት ቀኗ ነው። ከኋላ ሆና ማጅራቱን ታየዋለች። አንዴ ተጎነጨ፤ ቆመ፤ ማጅራቱ ተወጠረ፤ ወረደለት። ሁለተኛም ወረደለት። ክዳኑን ባዶውን ለዙሌይካ መለሰላት።

ጋዲሴ ወደ ፊት ተጠጋች።

«ጨምሪለት» አለች፣ ለሚ እንዳይሰማት በሹክሹክታ።